የጋሽ ልደቱ ቦርድ

ጋሽ ልደቱ ቦርዱን በመሐረብ ጠቅልለው ጠረጴዛዬ ላይ ሲያስቀምጡት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እንኳን አልሞላም ነበር። መሐረቡን ሳልፈታው ሽታው ደረሰኝ። የተቃጠለ ኤሌክትሮኒክስ ሽታ አንዴ ያወቀው አፍንጫ አይረሳውም፤ እኔ ደግሞ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስተነፍሰው ነው የኖርኩት።

«አልበራ አለ፣ መምህርት» አሉኝ።

«ምን አደረጉት?»

«ምንም።»

ይቺን «ምንም» አውቃታለሁ። ቦርድ ያቃጠለ ሰው ሁሉ የመጀመሪያ ቃሉ ናት። ቦርዱ ትናንት ደህና ነበር፣ ማንም አልነካውም፣ ጠዋት ሲነሱ በገዛ ፈቃዱ ሞቶ ተገኘ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ መጥቶ «ሰገነት፣ ይሄን ሽቦ እዚህ ሰክቼ አቃጠልኩት» ቢለኝ አቅፌ እስመው ነበር። እስካሁን የሳምኩት ሰው የለም።

ሥራዬ ማሠልጠን ነው። ጉርድ ሾላ አስፋልቱ ዳር፣ ሊፍቱ አንድም ቀን ሠርቶ በማያውቅ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ የጋራዥ ሰዎችን ኤሌክትሮኒክስ አስተምራለሁ። ከተማው በኤሌክትሪክ መኪና ሲሞላ ጋራዦቹ ቦርድ የሚያውቅ ሰው መፈለግ ጀመሩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የመኪና ሽቦ ሲጎትቱ የኖሩ ሰዎች ደብተር ገዝተው መጡልኝ። ሥልጠናው ሦስት ወር ነው። ለእያንዳንዱ ሠልጣኝ አንድ ቦርድ ይሰጠዋል፤ የመዳፍ ስፋት ያለው፣ መሃሉ ላይ ትንሽ ጥቁር ቺፕ የተቀመጠበት ሰሌዳ ነው። ፕሮግራም ይጫንበታል፣ ዳርና ዳር ባሉት ቀዳዳዎች ሽቦ ይሰካበታል፣ የታዘዘውን ይሠራል። ቀዳዳዎቹን ፒን እንላቸዋለን፤ ሁሉም ቁጥር አላቸው።

ያ ቀን የምዘናው ቀን ነበር። ከሰዓት ስምንት ሰዓት ላይ ከውጭ መዛኝ ይመጣል፣ ሠልጣኙ በገዛ ቦርዱ የሠራውን ያሳያል፣ ያለፈ ወረቀቱን ያገኛል። ቦርድ መለዋወጥ ክልክል ነው፤ የእያንዳንዱ ቁጥር ተመዝግቧል። ያላለፈ ሌላ ስድስት ወር ይጠብቃል። ጋሽ ልደቱ ግን የሚጠብቁበት ስድስት ወር አልነበራቸውም። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ ባለ ጋራዥ ሠላሳ አንድ ዓመት የመኪና ኤሌክትሪክ ሠርተዋል። ባለቤቱ አርጅቶ ጋራዡን የተረከበው ልጁ ወረቀቱን ይዘው ካልመጡ ከወሩ መጨረሻ በኋላ ቦታ እንደሌላቸው በግልጽ ነግሯቸዋል። ይህን የሰማሁት አብራቸው ከምትሠለጥነው ከዶርቃ ነው፤ እሳቸው ስለራሳቸው አይናገሩም።

የሠሩት ነገር ደግሞ ሸጋ ነበር። ከእንጦጦ ወደ ፈረንሳይ የሚወርደውን ቁልቁለት የነዳ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሰውና ዕቃ የጫነ መኪና ፍሬን እንደረገጠ ሲወርድ ፍሬኑ ይግላል፣ ከጋለ በኋላ ደግሞ አይይዝም። ጋሽ ልደቱ ፍሬኑ አጠገብ የሚታሰር የሙቀት ሴንሰር አድርገው፣ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ሹፌሩ ጆሮ ሥር የሚጮህ መሣሪያ ሠሩ። ከአሥራ አምስቱ ሠልጣኞች ሥራ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነበር። ይህን ግን ነግሬያቸው አላውቅም። ሰው ማመስገን ላይ እጄ አጭር ነው፤ መቆጣት ላይ ነው የምፈጥነው።

ቁጣዬ ከጠዋት የሚጀምር ነገር ነው። የምኖረው የካ አባዶ ነው። ጎህ ሳይቀድ ታክሲ ሰልፍ ይዤ፣ በሰው ክርን ተደቁሼ፣ አራት ፎቅ በእግሬ ወጥቼ ነው «ምንም» የሚለኝ ሰው ፊት የምቆመው።

መሐረቡን ፈታሁት።

«ባትሪውን በየት በኩል ሰጡት?»

«በመግቢያው። እንዳሳዩን።»

«ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ተገለባብጦብዎት ይሆን?»

ጋሽ ልደቱ ቀና ብለው አዩኝ። «መምህርት፣ ሠላሳ አንድ ዓመት» አሉ።

ዶርቃ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የራሷን ሥራ እያጸዳች ነበር። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ከወንዶቹ ሁሉ ቀድማ ጨርሳ ሦስት ቀን ሙሉ ሌላውን ስትታዘብ ሰንብታለች። «ጋሼ፣ እውነቱን ይናገሩ። ትናንት ማታ አንድ መኪና አስነስተውበታል» አለች። ጋሽ ልደቱ ፈገግ እንኳን አላሉም። እኔም አልሳቅኩም።

ቴስተሬን አንስቼ ባትሪ ሰጠሁት። የመኪና ባትሪው አሥራ ሁለት ቮልት እስከ መግቢያው በደህና ይደርሳል። ከመግቢያው ቀጥሎ ግን አሥራ ሁለቱን ወደ አምስት የሚቀንስ ትንሽ ዕቃ አለ፤ ቺፑ ከአምስት በላይ ስለማይችል ያለ እሱ አይሠራም። ቴስተሩ እዚያ ሲደርስ ዜሮ አለ። ጎንበስ ብዬ በስልኬ መብራት ሳየው ጀርባው ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አገኘሁ።

«ይሄ መቀነሻው ነው፣ ተቃጥሏል» አልኳቸው። «በራሱ ደግሞ አይቃጠልም። የሆነ ቦታ ሾርት ተደርጎ ከአቅሙ በላይ ካልተሳበበት በቀር አይቃጠልም። ምን ነክቶት ነበር?»

«ምንም አልነካውም።»

«ጋሽ ልደቱ፣ ይስሙኝ። የነካውን ካልነገሩኝ ሌላ ምን እንደተጎዳ አላውቅም። አንድ በአንድ ስፈልግ ስምንት ሰዓት ይሆናል። ሐኪም ቤት ሄደው ‹የት ጋ ነው የሚያምዎት?› ሲባሉ ‹የትም› ይላሉ?»

«እኔ ሐኪም ቤት አልሄድም» አሉኝ።

ዶርቃ ሳቋን በመዳፏ አፈነች። እኔ ጥርሴን ነክሼ ላፕቶፔን ከፈትኩ። የላፕቶፕ ገመድ አምስት ቮልት በቀጥታ ስለሚሰጥ የተቃጠለውን መቀነሻ ዘሎ ቺፑን ያገኘዋል። ቺፑ በሕይወት ካለ መብራቱ ይበራል፤ ከሞተ እዚያው ላይ ያበቃል። ገመዱን ከመሰካቴ በፊት ይህን ነገርኳቸው። የጠረጴዛውን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ያዙ።

ሰካሁት። አረንጓዴዋ መብራት በራች።

ዶርቃ አጨበጨበች። ጋሽ ልደቱ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩና ከታች በአስፋልቱ መሃል የሚሄደው ባቡር እስኪያልፍ ድረስ ውጭ ውጭውን አዩ። ደስ አለኝ፤ ደስታዬ ግን ሩብ ሰዓት አልቆየም።

ዶርቃ ከታች ትኩስ ሻይ አምጥታልን ሴንሰሩን ብርጭቆው ላይ አስጠጋነው። ላፕቶፑ ላይ የሙቀቱ ቁጥር ከፍ፣ ከፍ እያለ ሄደ። ሴንሰሩ ደህና ነው ማለት ነው። ቁጥሩ ለሙከራ ዝቅ አድርገን የሰጠነውን ልክ አለፈ። መጮህ ነበረበት፤ አልጮኸም። ጋሽ ልደቱ ክላክስ የሚሏትን ትንሿን ጯሂ ፈትተን የዶርቃን አስገባን። እሷም ዝም አለች። ፕሮግራሙን ደግሜ ጫንኩት። ዝም። ከአራት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ሌሎቹ ሠልጣኞች እየመጡ፣ ከበር ላይ ፊቴን እያዩ፣ ኮሪደሩ ላይ መቆየትን መረጡ።

«እንግዲህ ፒኖቹን አንድ በአንድ መፈተሽ ነው» አልኩ።

ጋሽ ልደቱ ከኪሳቸው ሁለት ሽቦ የታሰረባት የመኪና አምፖል መዘዝ አድርገው ወደ ቦርዱ ጎንበስ አሉ።

«ያስቀምጡት!»

ጩኸቴ ኮሪደር ድረስ ተሰማ። በጋራዥ ውስጥ ሁሉም ነገር የሚፈተሸው በዚያች አምፖል ነው፤ መኪና ላይ ልክ ናት። እዚህ ግን አንዷ የመኪና አምፖል የምትስበውን ኃይል አንድ ፒን ቀርቶ አሥሩ ተደምረው አይችሉትም። የተረፈውን ቺፕ ዓይኔ እያየ ሊገድሉት ነበር። አምፖሏን ተቀብዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኳትና በምትኳ ለቦርድ የምትሆን ትንሽ መብራት ሰጠኋቸው። ይቅርታ ጠየቁኝ። ይቅርታቸው ይበልጥ አበሳጨኝ፤ ይቅርታ ሊጠይቁ የሚገባቸው ስለዚህ አልነበረምና።

እውነቱን ለመናገር ግን ፍተሻውን ራሳቸው በትዕግሥት ሠሩት። ከፒን ሁለት ጀምረው እያንዳንዱን እየነኩ፣ ሲበራ «አለ» እያሉ፣ ደብተራቸው ላይ እየጻፉ ሄዱ። እኚህ ሰው ደግሞ ከአፌ የወጣውን ሁሉ በየቀኑ፣ ከነቀኑ ይጽፋሉ። ስድስት አለ። ሰባት አለ። ስምንት ላይ ሲደርሱ መብራቷ አልበራችም። ደገሙት። ሦስተኛ ሞከሩት።

«ስምንት የለም» አሉ። «ክላክሱን ያሰርኩት እዚያ ላይ ነበር።»

አሁን ሁለት ጉዳት በእጄ ገባ፤ መቀነሻው ከአቅሙ በላይ ተስቦበታል፣ ፒን ስምንት ደግሞ ለመጮህ ኃይል እንዳወጣ አንድ ነገር ነክቶ ገድሎታል። ሁለቱ ደግሞ ቦርዱ ላይ የተራራቁ ቦታዎች ናቸው። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የሚነካ ነገር ሊመጣ የሚችለው ከሥር ብቻ ነው። ቦርዱን ገለበጥኩት። በአራቱ የብሎን ቀዳዳዎች ዙሪያ አዲስ ጭረት አለ። የብየዳዎቹ ጫፍ ላይ ደግሞ ግራጫ የቀለም ብናኝ ተጣብቋል።

«ሣጥኑ የታለ?» አልኳቸው። እያንዳንዱ ሥራ በሣጥን ውስጥ ታስሮ ነው የሚቀርበው።

«ቤት ረሳሁት።»

«ያለ ሣጥን እኮ አይመዝኑዎትም!»

ጋሽ ልደቱ በእግራቸው ጠረጴዛው ሥር ያለውን ቦርሳቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉት፤ ከውስጡ የቆርቆሮ ድምፅ ተሰማ። ዶርቃም ሰማች፣ እኔም ሰማሁ፣ እሳቸውም መስማታችንን አወቁ።

«ቦርሳውን ይክፈቱ።»

አባቴን ለሚያህል ሰው እንዲህ ብዬ አላውቅም። ከፈቱት።

ሣጥኑን በእጃቸው ነው የሠሩት፤ ላሜራ ቆርጠው፣ አጥፈው፣ ግራጫ ቀለም ቀብተው፣ ጠርዙን አሳምረው። የውስጡ ወለል ላይ ግን ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው እስኪያብረቀርቅ አጽድተውታል። የባትሪው ኔጋቲቭ ጎኑ ላይ በብሎን ታስሯል። አራት የቦርድ ብሎኖች በትንሽ ፌስታል ውስጥ ተቀምጠዋል። አንድ አፍታ አልፈጀብኝም፣ ገባኝ።

መኪና ላይ ኔጋቲቭ ለብቻው ሽቦ አይሳብለትም። የመኪናው ገላ፣ ቦዲው ራሱ ኔጋቲቭ ነው። ጎበዝ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ቀለሙን ፍቆ፣ ብረቱን አጽድቶ፣ ዕቃውን ቦዲው ላይ ጠበቅ አድርጎ ያስረዋል። ጋሽ ልደቱም ይህንኑ አደረጉ። እርቃኑን ቦርድ ፀድቶ በሚያብረቀርቅ ብረት ላይ አስተኝተው በአራት ብሎን አጠበቁት። ከሥሩ ያለው ብየዳ ሁሉ ኔጋቲቭ ላይ ተቀመጠ። ሥራ የማያውቅ ሰው እንዲህ አድርጎ አያቃጥለውም፤ ቀለሙን ሳይፍቅ ይቀርና ምናልባት ይተርፍለት ነበር። ይህን ጥፋት ሊያጠፋ የሚችለው ጠንቃቃ ሰው ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን ሁሉ አላስታውስም። ይሄ ላንድክሩዘር መሰለዎት ወይ ማለቴን አስታውሳለሁ። ሦስት ሰዓት ሙሉ አቆሙኝ፣ ቦርሳዎ ውስጥ ይዘውት ቁጭ ብለው አንድ በአንድ አስፈለጉኝ ማለቴንም አስታውሳለሁ። «ማን ነው ቦርድ ብረት ላይ ይታሰራል ያለዎት? ጋራዥ ነው? ዩቲዩብ ነው? የት ነው ያገኙት?»

ጋሽ ልደቱ ዶርቃን ገልመጥ አድርገው ወለሉን አዩ። «ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ።

«የማን ነው አላልኩም። የት አገኙት ነው ያልኩት።»

«አላስታውሰውም።»

ሳሌን ሳይቀር የሚጽፉ ሰውዬ አላስታውስም አሉኝ። ደብተራቸውን ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ መግለጥ ጀመርኩ። እጃቸውን ዘርግተው ነበር፣ አልሰጠኋቸውም። ከኋላ ወደ ፊት ገለጥኩ፤ ግንቦት፣ ሚያዝያ፣ መጋቢት። መጋቢት ሁለት ቀን፣ በሚያምር የድሮ ተማሪ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦

«ጥያቄ፦ ቦርድ ላይ ኔጋቲቭ ማለት ምንድን ነው? የመምህርት መልስ፦ መኪና ታውቁ የለም እንዴ? ቦዲው ነው። ቦርድም እንደዚያው ነው። ሁሉንም ቦዲው ላይ እሰሩት፣ በቃ።»

ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

ቀኑን አስታወስኩት። ታክሲ አርፍዶብኝ ቁርስ ሳልበላ ነበር የገባሁት። ስድስት ሰዎች ያንኑ አንዱን ጥያቄ እየተቀባበሉ ስድስት ጊዜ ጠየቁኝ። ሰለቸኝ። ቦርሳዬን አንስቼ፣ ግማሽ አካሌ በር ላይ ሆኖ፣ እንዲገላግለኝ ብዬ የወረወርኩት መልስ ነው። በማግሥቱ አላስተካከልኩትም። ከዚያ ወዲያም ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

ደብተሩን ዘጋሁት። «ዶርቃ፣ እስቲ ኮሪደሩ ላይ ያሉትን ቁጭ እንዲሉ ንገሪያቸው» አልኳት። ወጣች።

«ጠዋት ስጠይቅዎት ለምን አልነገሩኝም?»

«ዶርቃ ተቀምጣለች።»

«አሁን ወጣች።»

«ትመለሳለች» አሉ ጋሽ ልደቱ። ደብተራቸውን ከእጄ ቀስ ብለው ወሰዱት። «ትናንት ማታ ሲጨስ ፈትቼ አየሁትና ወዲያው ገባኝ። እርስዎ ለማስረዳት ያሉትን እኔ እንደ ሕግ ይዤው ነው። ተማሪዎችዎ ፊት ‹እሷ ናት ያለችኝ› ልበል? አልችልበትም።»

አፈርኩ። አፍሬም ደግሞ ተናደድኩ፤ ከጠዋት ጀምሮ የጮህኩት ሁሉ በራሴ ላይ እንደነበር ሳውቅ የምጮህበት ሰው አጣሁ። ይቅርታ ማለት ሲገባኝ «እሺ፣ ጊዜ የለንም፣ እንሥራ» አልኩ።

ስድስት ሰዓት አልፏል። የፒን ስምንቱ ነገር ቀላል ነበር፤ የክላክሷን ሽቦ ወደ ፒን ሰባት አዛወርነው፣ ፕሮግራሙ ውስጥ አንዷን ቁጥር ጋሽ ልደቱ ራሳቸው በአንድ ጣታቸው ፈልገው ቀየሯት። ሻይ ላይ ስናስጠጋው ጮኸ። ብረቱና ቦርዱ እንዳይገናኙ ደግሞ ከቦርሳቸው አሮጌ የመኪና ጎማ ካላማዳሪያ አውጥተው በመቀስ አራት ትናንሽ የጎማ ክቦች ቆረጡና ከብሎኖቹ ሥር አስገቡ። እኔ የምሰጣቸው ምክር አልነበረም።

የቀረው መቀነሻው ነው። መሣሪያው የሚመዘነው በመኪና ባትሪ ሲሠራ እንጂ በላፕቶፕ አይደለም። የተቃጠለውን የሚተካ ዕቃ ማሠልጠኛው ውስጥ የለም፤ የዕቃው ሱቆች ወዳሉበት ፒያሳ ደርሶ መልስ ቢባል በዚያ ሰዓት መንገዱ አያስገባም። ወንበሬ ላይ ተዘርፍጬ፣ «በቃ፣ አልቻልኩም» አልኳቸው። በዘጠኝ ዓመት ለሠልጣኝ እንዲህ ብዬ አላውቅም።

ጋሽ ልደቱ ቦርሳቸውን ደግመው በረበሩና የስልክ ቻርጀር አወጡ፤ መኪና ውስጥ ሲጋራ ማቀጣጠያው ላይ የሚሰካውን ዓይነት።

«መምህርት፣ ይሄስ አሥራ ሁለቱን አምስት አይደለም እንዴ የሚያደርገው?»

አየሁት። አየኋቸው። ከጠዋት ጀምሮ ስለዚያች መቀነሻ ሳስብ የዋልኩት እኔ፣ በየታክሲው ጋቢና ውስጥ የምትንጠለጠለውን ቻርጀር አላሰብኳትም። ጋሽ ልደቱ ከፍተው፣ ሁለት ሽቦ በይደው፣ ከሣጥኑ ጎን አስረው፣ ገመዷን ከቦርዱ ጋር አገናኟት። ባትሪውን ሲሰጡት አረንጓዴዋ በራች። ሰባት ሰዓት ተኩል ነበር።

መዛኙ አቶ ዘረሰናይ የሚባሉ ቀጭን፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። ሠልጣኞቹ ሁሉ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠው አንዱ ሲመዘን ሌላው ያያል፤ ልማዱ እንዲህ ነው። ዶርቃ አለፈች። ሌሎች አራት አለፉ፣ አንዱ ወደቀ። ጋሽ ልደቱ ሣጥናቸውን ይዘው ቀረቡ።

አቶ ዘረሰናይ ባለፈው ሳምንት የገባውን ንድፍና ሣጥኑን አስተያዩ። «ንድፉ ላይ ፒን ስምንት ይላል፤ እዚህ ሰባት ነው። ይሄ ቻርጀርም ንድፉ ላይ የለም። ምን ሆኖ ነው?»

ጋሽ ልደቱ ሁሉንም ተናገሩ። ቀለሙን መፋቃቸውን፣ ቦርዱን ብረት ላይ ማጥበቃቸውን፣ መጨሱን፣ ምን ምን እንደተቃጠለ፣ እንዴት አድርገው እንደጠገኑት። እኔ ሦስት ሰዓት ሙሉ ለምኜ ያላገኘሁትን ሁሉ ሳይደናቀፉ ዘረዘሩት።

«ብረት ላይ እሰሩት ያለዎት ሰው አለ?»

«ማንም የለም። የጋራዥ ልማዴ ነው።»

«ቦርድ በቀጥታ ብረት ላይ እንደማይታሰር ሥልጠናው ላይ ተምረዋል?»

«ተምሬያለሁ» አሉ ጋሽ ልደቱ።

አቶ ዘረሰናይ ብዕራቸውን ወደ ፎርሙ ታችኛ መስመር ወሰዱ። መስመሩን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ የተማረውን የጥንቃቄ መመሪያ ጥሶ ዕቃ ያቃጠለ ሠልጣኝ፣ የቀረው ሥራው ምንም ያህል ቢያምር፣ ብቁ አይደለም።

እዚህ ላይ ያደረግኩትን ሳልሸፍን እናገራለሁ። መጀመሪያ ዝም አልኩ። ውሌ በሐምሌ ይታደሳል። ግድግዳውን የተደገፉት አሥራ አራት ሰዎች እንደ ተማረ ሰው የሚያዩኝ ናቸው። ሰውየው ራሳቸው ማንም የለም ብለዋል፤ እኔ ምን አገባኝ? ይህን ሁሉ አሰብኩ፣ በደንብ አሰብኩት። ብዕሩ ወረቀቱን ሲነካ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ከሰው ሲያጣላኝ የኖረው ቁጣዬ ከእኔ ቀድሞ ተነሳ።

«ውሸታቸውን ነው!»

 ሃምሳ ስምንት ዓመት የሆናቸውን ሰው በሰው ፊት ውሸታም ማለቴ ነው።

«አልተማሩም! ቦዲው ላይ እሰሩት ያልኩት እኔ ነኝ። መጋቢት ሁለት ቀን፣ እዚሁ ክፍል ውስጥ፣ ለሁሉም። አንድ ቀን እንኳን አላረምኩትም። ደብተራቸው ላይ ተጽፏል።»

«ደብተሩን ያሳዩኝ» አሉ አቶ ዘረሰናይ።

ጋሽ ልደቱ ደብተራቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው «የግል ማስታወሻዬ ነው» አሉ።

«ጋሽ ልደቱ፣ ይስጧቸው!»

«አልሰጥም።»

«ይስጧቸው ብያለሁ!»

ግድግዳው ሥር ካሉት ሠልጣኞች አንዱ፣ ከገርጂ የሚመጣው ሕሩይ፣ የራሱን ደብተር ይዞ ተነሳ። «እኔም ጋ አለ» አለ፣ እያፈረ። «ቦዲው ላይ እሰሩት ብለውናል። እኔ የፕላስቲክ ሣጥን ስለገዛሁ ነው የተረፍኩት።»

አቶ ዘረሰናይ የሕሩይን ደብተር አነበቡ። ፎርሙ ላይ የጀመሩትን ምልክት ሰርዘው ፈረሙበት። ከዚያ ሌላ ወረቀት ስበው ስለ እኔ ሪፖርት ሲጽፉ ቆዩ፤ ረዘም ያለ ነበር። ሲጨርሱ «ወደ ሥራው» አሉ።

ጋሽ ልደቱ የጋለ የብየዳ ካውያ ወደ ሴንሰሩ አስጠጉ። ጥቂት ቆየ። ከዚያ ክላክሷ ጮኸች፣ ቀጭን፣ ጆሮ የምትበሳ፤ ካውያውን እስኪያርቁ ድረስ አላቆመችም። አቶ ዘረሰናይ «ብቁ» ብለው ጽፈው ወረቀቱን ሰጧቸው። ሠልጣኞቹ አጨበጨቡ። ጋሽ ልደቱ እጅ ነስተው ተቀበሉ፣ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ፣ ማንንም ሳያዩ ወጡ።

ሦስተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ደረስኩባቸው። ሣጥኑን አቅፈው ቆመዋል፤ ደስ ያለው ሰው ፊት አልነበረም።

«ተቆጡብኝ?» አልኳቸው።

«አዎ፣ ተቆጥቻለሁ!» አሉ። በሦስት ወር ውስጥ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ የዚያን ቀን ሰማሁ። «ሲጮሁብኝ የዋልኩት፣ ልጅ ፊት እንደ ሌባ ቦርሳዬን ከፍቼ የቆምኩት ለማን ብዬ መሰለዎት? እርስዎ ግን በአንድ ቃል አፈረሱት!»

«ወረቀቱን አገኙ አይደለም እንዴ? ዝም ብል ኖሮ እኮ ይወድቁ ነበር! ‹ተምሬያለሁ› ያሉ ጊዜ ብዕሩ ወርዶ ነበር!»

«አውቃለሁ።»

«ምኑን ያውቃሉ? ያ መስመር ምን እንደሚል ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ አልኩ እኮ። በር ላይ ተለጥፎ የለም እንዴ? ጠዋት ስገባ አንብቤዋለሁ።» ሣጥኑን ከአንዱ ክንዳቸው ወደ ሌላው አዛወሩት። «እኔ የምሠራውን ሠርቻለሁ፣ መምህርት። እርስዎ ግን ገና የሚያስተምሩት ሰው አለዎት።»

«ማን ለመነዎት!» ብዬ ጮህኩባቸው። ድምፄ ግን መሃል ላይ ተሰበረ፣ እሳቸውም ሰሙት።